በአንድ መስመር የታረመው ውጤት፦ የወ/ሮ ቆንጅት ባልቻ የሕይወት ታሪክ

(1966 – 2018 ዓ.ም.)

ወ/ሮ ቆንጅት ባልቻ ከአባታቸው ከአቶ ባልቻ ጅግሶ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ጸሐይ ሮባ በቀድሞው ሲዳሞ ክፍለ ሀገር፣ በጌዴኦ አውራጃ፣ በኮቸሬ ወረዳ፣ ሬኮ በሚባለው ስፍራ ታኅሣሥ 4 ቀን 1966 ዓ.ም. ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የመጀመሪያ ልጅ ሲሆኑ፣ ከእሳቸው በኋላ ከተወለዱት አራት ልጆች የመጨረሻው አቶ ሲሞን ባልቻ ናቸው። የአቶ ሲሞን ስም በዚህ ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ ይነሣል።

ወ/ሮ ቆንጅት ይህ ጽሑፍ ከማረፋቸው በፊት እንዲዘጋጅ ጠይቀው፣ በተኙበት ሆነው ሁለት ጊዜ አስነብበው ሰምተውታል። የተሳሳቱ ሁለት ዓመተ ምሕረቶችን አርመዋል፤ «ደግ፣ ሩኅሩኅና ታታሪ ነበሩ» የሚለውን ዓረፍተ ነገርም አስወጥተዋል። በ2007 ዓ.ም. ስለተናገሩት አንድ ቃል የተጻፈው ግን ምንም ሳይቀነስለት በዘመድና በጎረቤት ፊት እንዲነበብ አደራ ብለዋል። ቃሉ የተነገረው በአቶ ሲሞን ባለቤት በወ/ሮ ሙሉዓለም ገሪማ ላይ ነበር። በተራው ይደረስበታል።

አባታቸው በአካባቢው በነበረ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ እሸት ተቀባይ ስለነበሩ፣ ወ/ሮ ቆንጅት በለቀማ ወራት ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ በቀጥታ ወደዚያ ይሄዱ ነበር። እሸቱ ገንዳ ውስጥ ሲገለበጥ ጤነኛው ይሰምጣል፤ ባዶውና ተባይ የበላው ይንሳፈፋል። የእሳቸው ሥራ የተንሳፈፈውን በወንፊት እየገፈፉ ማውጣት ነበር። ሌላው ገፍፎ ሲደፋ እሳቸው ከተደፋው ክምር አጠገብ ቁጢጥ ብለው፣ በቅጠል ተይዞ ሳይሰምጥ የቀረ ደህና ፍሬ ይፈልጋሉ። አባታቸው «ይቺ ልጅ ለአንድ ፍሬ አንድ ሰዓት ትፈጃለች» እያሉ ያማርሩ ነበር። ያገኙትን ፍሬ ግን ተቀብለው መልሰው ገንዳ ውስጥ ይጨምሩት ነበር።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በኮቸሬ፣ የሁለተኛ ደረጃውን በዲላ ከተማ በአክስታቸው ቤት ሆነው ተከታትለዋል። አሥረኛ ክፍል እያሉ መምህራቸው ከእንሰት ቅጠል የላጡትን ስስ ሽፋን በትምህርት ቤቱ ብቸኛ ማይክሮስኮፕ ሥር አድርገው ተማሪዎቹን በሰልፍ ያሳዩ ነበር። ወ/ሮ ቆንጅት ተራቸው ደርሶ ካዩ በኋላ ዞረው ሰልፉ መጨረሻ ላይ እንደገና ቆሙ፤ ደወሉ እስኪደወል አራት ጊዜ አይተዋል። ከዚያ ቀን ወዲህ ምን መሆን ትፈልጊያለሽ ተብለው ሲጠየቁ መልሳቸው አልተለወጠም።

በ1988 ዓ.ም. በላቦራቶሪ ቴክኒሺያንነት በዲፕሎማ ተመርቀው በገደብ ከተማ በሚገኝ ጤና ጣቢያ ሥራ ጀመሩ። ዕድሜ ልካቸውን ያልተዉትን ልማድ የያዙትም እዚያው ነው። በላቦራቶሪ መዝገብ ላይ የተሳሳተ ውጤት ቢጻፍ አይፋቅም፣ ገጹም አይቀደድም። የተሳሳተው እየተነበበ አንድ መስመር ይሰመርበታል፤ ትክክለኛው ከጎኑ ይጻፋል፤ ያረመው ሰው ይፈርማል፣ ቀኑን ይጽፋል። ያልተመረመረ ነገር ደግሞ ከናካቴው አይጻፍም።

በ1993 ዓ.ም. ወደ ዲላ ተዛውረው በሆስፒታል ማገልገል ጀመሩ። በቀጣዩ ዓመት ለትምህርትና ለሥራ ወደ ዲላ መጥተው በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ተቀጥረው ከነበሩት ከአቶ ወንድይፍራው አለባቸው ጋር ጋብቻ መሠረቱ። አቶ ወንድይፍራው ሽማግሌ ከመላካቸው በፊት ለወባ ምርመራ ወደ እሳቸው ቀርበው ስለነበር፣ ወ/ሮ ቆንጅት «እኔ ደሙን አይቼ ነው ያገባሁት» እያሉ በሠርግ ቤት ሁሉ ያስቁ ነበር። ቤቴል በ1996፣ አሌክስ በ1999 ዓ.ም. ተወለዱላቸው።

በሆስፒታሉ ሌላ ባለሙያ የማይፈልገውን የወንድ ዘር ምርመራ ወደው የያዙት እሳቸው ነበሩ። የሚመጡት ወንዶች አንገታቸውን ደፍተው ስለሚገቡ በስም ሳይሆን በቁጥር ይጠሯቸዋል፣ ውጤቱን በታሸገ ፖስታ ሰጥተው በጓሮ በር ያስወጧቸዋል። በእነዚያ ዓመታት በገዛ ዓይናቸው ቆጥረው ያረጋገጡት አንድ ነገር አለ፤ ልጅ አጥተው ከሚመጡት ጥንዶች ወደ ግማሽ በሚጠጉት ምክንያቱ ወይም የምክንያቱ ከፊል ከባል በኩል ነበር። ይህን ለሐኪሞችም፣ ለነርሶችም፣ ለቡና እረፍት ጓደኞቻቸውም ሳይታክቱ ይናገሩ ነበር።

በ2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ የግል የመካንነት ሕክምና ማዕከል የፅንስ ላቦራቶሪ ሠራተኛ ፈልጎ ማስታወቂያ ሲያወጣ፣ በአርባ ዓመታቸው ተወዳድረው አለፉ። አቶ ወንድይፍራው ሁለቱን ልጆች ይዘው ዲላ ቀሩ፤ ወ/ሮ ቆንጅት በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ አውቶቡስ ተሳፍረው ይመጡ ነበር። በዚያው ዓመት ማዕከሉ ለሦስት ወር ሥልጠና ወደ ሕንድ ላካቸው። ሲመለሱ ሻንጣቸው ውስጥ ከነበረው ስጦታ ይልቅ ለቤተሰቡ ለማሳየት የቸኮሉት በስልካቸው የጫኑትን የማስተማሪያ ቪዲዮ ነበር።

ሥራውን እንዲህ ያስረዱ ነበር። ከባል የተወሰደው ፈሳሽ ይታጠባል፤ በላዩ ንጹሕ ፈሳሽ ይደረብበትና ቱቦው ጋደም ብሎ በሰውነት ሙቀት ይቆያል። ብርቱዎቹ ዘሮች ከሥር ተነሥተው ወደ ላይ ይዋኛሉ፤ ከላይ ይቀዳሉ። ከእነዚያ ውስጥ በማይክሮስኮፕ አንድ ይመረጣል፤ ጭንቅላቱ ሞላላ፣ አንገቱ ያልተጣመመ፣ ጅራቱ አንድና ቀጥ ያለ፣ በቦታው የሚሽከረከር ሳይሆን ወደፊት የሚሄድ። ከፀጉር በቀጠነ የመስታወት መርፌ ጅራቱ ላይ ጫን ተብሎ እንዳይንቀሳቀስ ይደረጋል፤ ከዚያ በጅራቱ በኩል ወደ መርፌው ይሳባል። የሴቷ እንቁላል በሌላ የመስታወት ቱቦ አፍ በስሱ ተይዛ ትጠብቃለች። መርፌው ቅርፊቷን አልፎ ይገባል፤ የውስጧ ስስ ሽፋን እንደ ላስቲክ ይለጠጥና በድንገት ይለቃል። በዚያች ቅጽበት ዘሩ ውስጥ ይቀራል፣ መርፌው ይወጣል። በማግስቱ ጠዋት እንቁላሏ ውስጥ ሁለት ትንንሽ ክቦች ጎን ለጎን ከታዩ፣ አንዱ የአባት አንዱ የእናት ነው፤ ፅንስ ተጀምሯል ማለት ነው።

ቪዲዮው አቶ ባልቻ ሬኮን ለቀው ዲላ አጠገብ ጪጩ በሠሩት ቤት፣ ሳሎን ውስጥ ለሁሉም ታየ። አቶ ባልቻ መነጽራቸውን ሁለት ጊዜ ጠርገው ካዩ በኋላ ያን ሁሉ ትተው አንዱን በምን እንደሚለዩት ጠየቋቸው። ወ/ሮ ቆንጅት «እንደ እሸቱ ነው፣ ግን ተገልብጦ ነው፤ ሬኮ ወደ ላይ የወጣው ይጣላል፣ እዚህ ወደ ላይ የወጣው ይወሰዳል» ብለው መለሱ። አቶ ባልቻ «እንግዲያው ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ፤ ሕንድ ምን ልታደርጊ ሄድሽ?» ሲሉ ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ወ/ሮ ቆንጅት ያን ቪዲዮ በዚያ ቀን ስንት ጊዜ እንዳሳዩ የቆጠረ የለም፤ የስልኩ ባትሪ ግን ሁለት ጊዜ አልቋል። የሥራ ባልደረቦቻቸውም እንደሚሉት፣ መርፌው በሰላም በወጣ ቁጥር ከመቀመጫቸው ብድግ ይሉ ስለነበር ወንበር የሚሰጣቸው ለሥርዓት ያህል ነበር።

አሁን አደራ የተባለው ቃል የሚነገርበት ቦታ ነው።

አቶ ሲሞን በከተማው ማዘጋጃ ቤት የሚሠሩ ሲሆን፣ መምህርት የሆኑትን ወ/ሮ ሙሉዓለምን ያገቡት በ1999 ዓ.ም. ነው። ስምንት ዓመት ልጅ አልተገኘም። በእነዚያ ዓመታት ወ/ሮ ሙሉዓለም ሁለት ጊዜ የማህፀን ራጅ በቀለም ተነሥተዋል፣ አንድ ጊዜ የቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸዋል፣ ለወራት ክኒን ወስደዋል። ወ/ሮ ቆንጅት ራሳቸው አብረዋቸው ወረፋ ጠብቀዋል። አቶ ሲሞን ግን አንድም ቀን አልተመረመሩም፤ ይመርመር ያለም አልነበረም። የሰውን ባል ሁሉ ያለ ኀፍረት ናሙና አምጣ የሚሉት ወ/ሮ ቆንጅት የገዛ ታናሽ ወንድማቸውን እንዲህ ያለ ነገር መጠየቅ አልቻሉም። እህት ወንድሟን ይህን አትጠይቅም።

በ2007 ዓ.ም. በገና ማግስት የቤተሰቡ ሽማግሌዎች በጪጩ ቤት ተሰብስበው ስለ አቶ ሲሞን ጎጆ ተነጋገሩ። ሌላ ሴት ይፈለግ የሚል ሐሳብም ቀረበ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ወደ ወ/ሮ ቆንጅት ዞረው፣ ይህን ነገር ከእኛ ይልቅ የምታውቂው አንቺ ነሽና ችግሩ ከማን እንደሆነ ንገሪን አሏቸው። ወ/ሮ ቆንጅት «ችግሩ ከሙሉዓለም ነው» ሲሉ መለሱ። ከዚህ የተለየ ማስረጃ የጠየቀ አልነበረም። የባለሙያ ቃል ስለሆነ ጉዳዩ በዚያው ተዘጋ። ወ/ሮ ሙሉዓለም ማድ ቤት ሳህን እያጠቡ ስለነበር እያንዳንዱን ቃል ሰምተዋል። አቶ ሲሞን ሌላ ሴት አላገባም ብለው ስለጸኑ ትዳሩ አልፈረሰም፤ ቃሉ ግን ከጪጩ እስከ ዲላ ተዳረሰ።

በ2009 ዓ.ም. ክረምት አቶ ሲሞን ለማንም ሳይናገሩ ሐዋሳ ሄደው ተመረመሩ። ውጤቱን አጣጥፈው ይዘው አዲስ አበባ እህታቸው ቤት መጡና ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። «እትዬ፣ ይሄ ቁጥር ምን ማለት ነው?» አሉ። በሚሊዮን የሚቆጠር መሆን የነበረበት ቦታ ላይ የተጻፈው እጅግ ጥቂት ነበር። ወ/ሮ ቆንጅት ወረቀቱን እንዳነበቡ ማልቀስ የጀመሩት እሳቸው እንደሆኑና አጽናኙ ወንድማቸው እንደሆኑ ራሳቸው ተናግረዋል። አቶ ሲሞን ጉዳዩ ለሌላ ሰው እንዳይነገር ለመኗቸው። ለባለቤታቸው በዚያው ሳምንት ነገሯቸው። ወ/ሮ ሙሉዓለምም የባላቸውን ስም ለመሸፈን ሲሉ ስማቸው ላይ የተለጠፈውን እያወቁ ተሸክመው ዝም አሉ።

ሕክምናው በየካቲት 2010 ዓ.ም. ወ/ሮ ቆንጅት በሚሠሩበት ማዕከል ተጀመረ። ዶክተሩ ጉዳዩ የቤተሰብ ስለሆነ ሌላ ባለሙያ ቢይዘው እንደሚሻል ገልጸው ምርጫውን ለጥንዶቹ ተዉላቸው። የመለሱት ወ/ሮ ሙሉዓለም ናቸው። «እስከ ዛሬ የቆጠሩብኝ እትዬ ናቸው። አሁን ይቁጠሩልኝ» አሉ።

በዚያ ቀን ከወ/ሮ ሙሉዓለም ዘጠኝ የበሰሉ እንቁላሎች ተገኙ። ለዘጠኙ ዘጠኝ ጤነኛ ዘር ያስፈልግ ነበር። የአቶ ሲሞን ናሙና እንደተለመደው ንጹሕ ፈሳሽ ቢደረብበትም ወደ ላይ የወጣ አልነበረም። ስለዚህ ያለው ሁሉ ተሰብስቦ በትንንሽ ጠብታዎች ተከፍሎ ጠብታ በጠብታ መፈለግ ግድ ሆነ። በማዕከሉ ደንብ ሁለተኛ ባለሙያ በምስክርነት አጠገብ ይቀመጣል፤ በዚያ ቀን የተቀመጠው ወጣቱ ባልደረባቸው ያብስራ ነበር። የሁለቱን ባለትዳሮች ስም ጮክ ብሎ አንብቦ በናሙናው ሣህን ላይ ከተጻፈው ጋር አመሳከረ፤ ፍለጋው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተጀመረ።

የመጀመሪያው የተገኘው ከአርባ ደቂቃ በኋላ ነው። ወ/ሮ ቆንጅት ዓይናቸውን ከማይክሮስኮፑ ሳያነሡ «አንድ» አሉ፤ ያብስራ ጻፈ። ሁለተኛው ቶሎ መጣ። ሦስተኛው ጅራቱ ሁለት ሆኖ ተገኘና ተተወ፤ ሌላ ተፈለገ። እያንዳንዱ እንደተገኘ ወደ መርፌው ይገባል፣ እንቁላሏ ትወጋለች፣ ወ/ሮ ቆንጅት ብድግ ብለው ይቀመጣሉ። ለምሳ የተነሣ የለም። ሰባት ሰዓት ላይ ስምንት ደረሱ፤ ጠብታዎቹም አለቁ። ያብስራ ስምንት ከበቂ በላይ እንደሆነ፣ እንቁላሏም ብዙ ልትጠብቅ እንደማትችል በትሕትና አስታወሳቸው። ወ/ሮ ቆንጅት ግን ታይተው የታለፉትን ጠብታዎች መልሰው ከመጀመሪያው ማየት ጀመሩ። በአራተኛው ጠብታ ዳር፣ ከቆሻሻ ሥር ተይዞ ጅራቱን ቀስ ብሎ የሚያወዛውዝ አንድ ነበር። በመርፌው ጫፍ ነካ ሲያደርጉት ተላቀቀና ቀጥ ብሎ ዋኘ። ያብስራ ዛሬም ድረስ እንደሚያወራው፣ ወ/ሮ ቆንጅት «ዘጠኝ» ያሉት ወንበራቸው ወደ ኋላ ከወደቀ በኋላ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ከዘጠኙ በስድስቱ ውስጥ ሁለት ሁለት ክቦች ጎን ለጎን ታዩ። ወ/ሮ ቆንጅት ከኮሪደር ደውለው «ስድስት» ብቻ አሉ። አቶ ሲሞን «ስድስት ምን?» ብለው ሲጠይቁ ወ/ሮ ሙሉዓለም ስልኩን ተቀበሏቸውና «እትዬ፣ ትላንት ምሳ በልተዋል?» አሉ። ከሦስት ዓመት በኋላ በመካከላቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የተነገረ የእህትማማች ቃል እሱ ነበር።

ሩሃማ ሲሞን ኅዳር 2 ቀን 2011 ዓ.ም. ዲላ ውስጥ በሰላም ተወለደች። ስሟን ያወጡላት እናቷ ናቸው። ያብስራ «ሩሃማ የዘጠነኛው ናት» ብሎ እስከ ዛሬ ይከራከራል። ወ/ሮ ቆንጅት ይህ ሊታወቅ እንደማይችል፣ ያልተመረመረም እንደማይጻፍ ሁልጊዜ ቢመልሱለትም፣ ሩሃማ የጠፋባትን እርሳስ አልጋ ሥር ተኝታ ስትፈልግ ባዩ ቁጥር ፈገግ ይሉ ነበር።

ለሩሃማ መወለድ በቤተ ክርስቲያን ምስጋና በቀረበበት ቀን ግን በጉባኤው ፊት የተነገረው ጌታ የወ/ሮ ሙሉዓለምን መካንነት እንዳራቀ ነው። አቶ ሲሞን አንገታቸውን ደፉ። ወ/ሮ ሙሉዓለም ልጃቸውን አቅፈው ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። ወ/ሮ ቆንጅት ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ አልተነሡም። ከመጀመሪያው ቃላቸው ይልቅ የዚያ ቀን ዝምታቸው እንደሚከብዳቸው ለቤተሰባቸው ተናግረዋል።

ወ/ሮ ቆንጅት እስከ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ በማዕከሉ ሲሠሩ ብዙ ወጣት ባለሙያዎችን አሠልጥነዋል። በ2017 ዓ.ም. ሚያዝያ በቆሽታቸው ላይ ካንሰር ተገኝቶባቸው ወደ ዲላ ተመልሰው በባለቤታቸውና በልጆቻቸው እንክብካቤ ሲታከሙ ቆዩ። የምርመራ ውጤታቸውን ራሳቸው አንብበው ለሐኪሙ ያብራሩለት ሰው ነበሩ። በመስከረም 2018 ዓ.ም. አቶ ሲሞንንና ወ/ሮ ሙሉዓለምን አስጠርተው ውጤቱን ማረም እንደሚፈልጉ፣ ስህተቱ በሽማግሌ ፊት ስለተነገረ እርማቱም በእነዚያው ሰዎች ፊት መሆን እንዳለበት ነገሯቸው። ወ/ሮ ሙሉዓለም «እኔ ዝም ያልኩት ለሲሞን ነው። ሲሞን እሺ ካለ ይነበብ» አሉ። አቶ ሲሞን ተነሥተው ወጡ። ለሦስት ቀን አልመጡም። በአራተኛው ቀን ሩሃማን በእጃቸው ይዘው መጥተው ከእህታቸው አልጋ ጫፍ ተቀመጡና «ስሜ ሳይሸፈን ይነበብ። ሩሃማ ከሰው ከምትሰማው ከእኛ ትስማው» አሉ።

ወ/ሮ ቆንጅት የሩሃማን ሰባተኛ ዓመት ልደት አብረው አክብረው፣ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ቅዳሜ ኅዳር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በ51 ዓመታቸው በመኖሪያ ቤታቸው አርፈዋል።

ባለቤታቸው አቶ ወንድይፍራው አለባቸው፣ ልጆቻቸው ቤቴልና አሌክስ፣ አባታቸው አቶ ባልቻ ጅግሶ፣ ወንድሞቻቸውና እህቶቻቸው፣ ከእነዚህም መካከል ወ/ሮ ቆንጅት በራሳቸው ምርጫ በእህትነት እንዲጻፉ ያዘዙላቸው ወ/ሮ ሙሉዓለም ገሪማ፣ የወንድማቸው ልጅ ሩሃማ ሲሞን እንዲሁም ብዙ ወዳጅ ዘመዶቻቸው በሕይወት አሉ። እናታቸው ወ/ሮ ጸሐይ ሮባ ቀድመዋቸው አርፈዋል።

ከሚጣለው መካከል ደህናውን ፈልጎ ማውጣት የሚያውቅ ጌታ የእህታችንን ነፍስ በእጁ ይቀበል፤ የቀረነውንም ያጽናናን።

በመጨረሻም በእጃቸው ጽፈው፣ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ እየተነበበ አንድ መስመር አስምረው የሰጡት ጽሑፍ በዚህ የቀብር ፕሮግራም ወረቀት ጀርባ ላይ እንዳለ ታትሟል። በአደራቸው መሠረት ይነበባል፦

«ችግሩ ከሙሉዓለም ነው። — ተሰርዟል። ሳይመረመር የተሰጠ ውጤት ነው። ሙሉዓለም ጤነኛ ናት፤ ያኔም ጤነኛ ነበረች። ያረመው፦ ቆንጅት ባልቻ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.»